የሐሰት የስልክ ቻርጀርና ገመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ በቻርጀር የተጎዳ ስልክ ሳይቀርብ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ባለቤቱ ግን ቻርጀሩን አይጠረጥረውም። «ባትሪው ደክሟል»፣ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይመጣል፤ ቻርጀርህን አሳየኝ ስለው ከኪሱ የሚያወጣው እንደ ባዶ የክብሪት ሣጥን የቀለለ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን መልስ ረዘም አድርጌ የጻፍሁት ነገሩ የሰው ሕይወት ስለሚነካ ነው።

ሁለቱም ስልኬን ይሞላሉ። ታዲያ የርካሹና የውዱ ልዩነት ምንድን ነው?

ልዩነቱ ከውጭ አይታይም፤ ውስጥ ነው ያለው። ከቤታችን ሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት ነው። ስልኩ የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ነው። ቻርጀሩ 220ውን ተቀብሎ መጀመሪያ 310 ቮልት ገደማ ወደሆነ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለውጠዋል፤ ከዚያም በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ወደ አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር ይልከዋል፤ ከትራንስፎርመሯ ማዶ 5 ቮልት ሆኖ ይወጣል። ዋናው ነገር ሁለቱ ወገኖች በሽቦ አለመገናኘታቸው ነው። ኃይሉ የሚሻገረው በማግኔት አማካይነት ነው። እርስዎ ስልክዎን ይዘው የተቀመጡት በ5 ቮልቱ ወገን ነው፤ ከ310 ቮልቱ የሚለይዎት የውስጥ ዕቃዎቹ በተበየዱበት ሰሌዳ ላይ የተተወው ክፍተትና የትራንስፎርመሯ መሸፈኛ ብቻ ነው።

በደንብ በተሠራ ቻርጀር ውስጥ ይህ ክፍተት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የትራንስፎርመሯም ሽቦ በሦስት ድርብ የተሸፈነ ነው። ፊውዝ አለው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ኃይል ሲበዛበት ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው። አስመሳዩን ሲከፍቱት ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም።

በቅርቡ አንዲት እናት ያመጡልኝን ቻርጀር በቢላዋ ሰንጥቄ ከፈትሁት። ላዩ ላይ የታወቀ ስም በጥሩ ሁኔታ ታትሞበታል። ውስጡ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰሌዳ ናት። ለፊውዝ በተዘጋጀው ቦታ ላይ ፊውዝ የለም፤ በቁራጭ ሽቦ ተያይዟል። ትራንስፎርመሯ አንድ ዙር ቢጫ ፕላስተር ተጠምጥሞባታል፤ ፕላስተሩም ጫፉ ተላቋል። የ220ው መስመርና የ5ቱ መስመር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው አንዲት የብየዳ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ያቺ ጠብታ ትንሽ ወዲህ ብትል ኖሮ የስልኩ ብረት በቀጥታ ከቤቱ መብራት ጋር ይገናኝ ነበር። እኒያ እናት ይህን ቻርጀር ይሰኩት የነበረው ሕፃን ልጃቸው በሚተኛበት አልጋ ራስጌ ነው።

የጠበበ ክፍተት ዛሬ ላይጎዳ ይችላል። እርጥበት፣ አቧራ፣ ሌላው ቀርቶ ሙቀት ፈልጋ የገባች አንዲት በረሮ ድልድይ የሆነችበት ቀን ነው የሚጎዳው።

በእርግጥ ጉዳት ደርሷል ወይስ ለማስፈራራት ነው?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ቻይና ውስጥ አንዲት ወጣት የበረራ አስተናጋጅ ቻርጅ ላይ የነበረ ስልኳን ስታነሳ በኤሌክትሪክ ተይዛ ሞተች ሲሉ ቤተሰቦቿ የተናገሩት በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በቀጣዩ ወር አፕል አስመሳይ ቻርጀሮችን እየተቀበለ ትክክለኛውን በ10 ዶላር የሚሰጥበት አሠራር ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የእንግሊዝ የንግድ ቁጥጥር ባለሙያዎች ከ8 አገሮች በኢንተርኔት የተገዙ 400 የአፕል አስመሳይ ቻርጀሮችን ዩኤል በተባለው የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት አስመረመሩ። ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚከላከል በቂ መሸፈኛ የተገኘባቸው 3 ብቻ ነበሩ። 397ቱ ወደቁ። ሰዎች «እኔ እስካሁን ምንም አልሆንሁም» ሲሉኝ ይህን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ከ400 ውስጥ 3 ማለት፣ ጥሩ አስመሳይ መርጬ እገዛለሁ የሚለውን ተስፋ የሚያስቆርጥ ቁጥር ነው።

ስልኬ ቻርጅ ላይ ሲሆን ጀርባውን ስነካው ይነዝረኛል። አደጋ ነው?

ሁለት ዓይነት መንዘር አለ። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው፤ በብረት አካል ላይ ጣትን በስሱ ሲያሻሹ እንደ ሸካራ ነገር የሚሰማ ነው። ይህ በትክክለኛ ቻርጀርም ይከሰታል። ረባሽ ሞገድን ለማጥፋት በሁለቱ ወገኖች መካከል አንዲት የተለየች ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የምትይዝ ትንሽ ዕቃ) ትደረጋለች፤ እርሷ የምታሳልፈው ኮረንቲ ከሩብ ሚሊ አምፒር እንዳይበልጥ ሆኖ የተሠራ ነው። የመሬት መስመር በሌለው ባለሁለት እግር ሶኬት ላይ ይህ ይሰማል፤ አይጎዳም።

ሁለተኛው እጅን የሚያስወነጭፍ ወይም የሚነድፍ ነው። ይህ ከተሰማዎት ስልኩን እንደገና አይንኩ፤ ከሶኬቱ ይንቀሉና ያንን ቻርጀር ዳግመኛ አይሰኩት። በአስመሳዩ ውስጥ ያቺ ካፓሲተር ተራ ርካሽ ዓይነት ናት። ትክክለኛዋ ስትበላሽ መስመሩን ቆርጣ እንድትበላሽ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ተራዋ ግን ስትበላሽ ሁለቱን ወገኖች አገናኝታ ልትቀር ትችላለች። በባዶ እግር፣ በእርጥብ ወለል ላይ ወይም በብረት አልጋ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ስልክ መያዝ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ቻርጅ ላይ ስሰካው ስክሪኑ ራሱን በራሱ ይነካል። ስክሪን ልቀይር?

ከመቀየርዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉት። ችግሩ ወዲያው ከጠፋ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። የንክኪ ስክሪን ጣትዎን የሚያውቀው በጣም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጦችን በመለካት ነው፤ ሞገዱን ያላጣራ ቻርጀር እነዚያን ልኬቶች ያናውጣቸዋል። ስልኩም ያልነኩትን ቦታ እንደተነካ ይቆጥረዋል። አንድ ደንበኛዬ ቻርጅ ላይ ሆኖ በስልኩ ገንዘብ ሊልክ ሲል የገንዘቡ መጠን ላይ አንድ ዜሮ በራሱ ጊዜ ተጨምሮ አገኘው። ደግነቱ የምስጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት አየው። ስክሪን መቀየር ከቻርጀር ብዙ እጥፍ ዋጋ ያስወጣል፤ ያለ ጥፋቱ የተቀየረ ስክሪን ብዙ አይቻለሁ።

ገመድ እንኳን ምን ይጎዳል? ሽቦ አይደለም እንዴ?

ሽቦ ነው፤ ግን ምን ያህል ሽቦ እንዳለበት ማየት ይገባል። በርካሽ ገመድ ውስጥ ኃይል የሚያመላልሱት ሽቦዎች የአንዳቸው ስፋት 0.08 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንና 1 ሜትር ቢረዝሙ፣ 2 አምፒር ሲያልፍባቸው ከ5 ቮልቱ 0.86 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.14 ቮልት ነው። ስፋቱ 0.2 ስኩዌር ሚሊ ሜትር በሆነ ገመድ ግን የሚቀረው 0.34 ቮልት ብቻ ነው። ይህ ስሌት ንጹሕ መዳብ ከሆነ ነው፤ ብዙዎቹ አስመሳዮች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሆኑ ከዚህም የባሰ ነው። መንገድ ላይ የቀረው ኃይል ሙቀት ይሆናል። ገመዱን ሲይዙት የሚሞቀው፣ የጫፉ ፕላስቲክ የሚቀልጠው፣ የስልኩ ቻርጅ መሰኪያ ውስጥ ያለው ጥርስ የሚጠቁረው በዚህ ነው። የጠቆረ መሰኪያ በትንሽ መርፌ ስጠርግ ፕላስቲኩ ከብረቱ ጋር አብሮ ሲነሳ አያለሁ፤ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ማጽዳት አይበቃም፤ መሰኪያው መቀየር አለበት።

ታይፕ ሲ ገመድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በዚህ ገመድ ጫፍ ውስጥ፣ ስልኩ ምን ያህል ኃይል መሳብ እንደሚችል የሚያሳውቅ ረዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አለ። ከድሮው ሰፊ መሰኪያ ወደ ታይፕ ሲ በሚሄድ ገመድ ውስጥ ይህ ረዚስተር 56 ኪሎ ኦም መሆን አለበት። 10 ኪሎ ኦም ከተደረገበት ገመዱ «3 አምፒር ሳብ» ብሎ ይዋሻል፤ ቻርጀሩ ወይም ኮምፒውተሩ ያንን የማይችል ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። የጉግል መሐንዲስ የነበረው ቤንሰን ልዩንግ እነዚህን ገመዶች አንድ በአንድ እየገዛ ሲፈትን፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የገዛው አንድ ገመድ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገላብጦ የተበየደ ሆኖ ላፕቶፑን አቃጠለበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አማዞን ደረጃውን ያልጠበቀ የታይፕ ሲ ገመድ በድረ ገጹ እንዳይሸጥ ከለከለ። ገመድ ሽቦ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

65 ዋት የሚል ቻርጀር ትንሹን ስልኬን አያቃጥለውም?

ትክክለኛ ከሆነ አያቃጥለውም። የሚሳበውን መጠን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ቻርጀሩ በ5 ቮልት ይጀምራል፤ ስልኩ ካልጠየቀው ከዚያ አይወጣም። የሚያሳስበኝ ትልቅ ቁጥር ታትሞበት ውስጡ ያንን የማይችል ቻርጀር ነው። 5 ዋት እንኳን በቅጡ ሳይሰጥ 65 ተጽፎበት የሚሸጥ አለ። ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ብትኖርዎት ሰክተው ቮልቱንና አምፒሩን ወዲያው ያያሉ። ወይም አንድ ጥሩ ጠጋኝ እንዲለካልዎት ይጠይቁ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀር ለምን ይቃጠላል?

መብራቱ ተመልሶ በመጣበት ቅጽበት ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊገባ ስለሚችል ነው። በጥሩ ቻርጀር ውስጥ ያለው ዋና ካፓሲተር 400 ቮልት እንዲችል ሆኖ የተመረጠ ነው፤ ከ310ው በላይ መተንፈሻ አለው። ፊውዙም ስልኩ ሳይነካ ይበጠሳል። በአስመሳዩ ውስጥ ያ መተንፈሻ የለም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ግዴታ ነው ማለት ይቀለኛል።

ባትሪውን ከስልኩ አውጥቶ የሚቆነጥጠው ቻርጀርስ?

ባለቁልፍ ስልክ የሚይዙ ብዙ ሰዎች ይህን ይጠቀሙበታል። ሁለት ቀጫጭን የብረት ጣቶቹን ባትሪው ላይ አሳርፎ፣ ባለቀለም መብራቱን እያበራ ይሞላል። እኔ ከቤቴ አላስገባውም። በስልኩ ውስጥ ሲሞላ የባትሪውን ሙቀትና ቮልት የሚቆጣጠረው ስልኩ ነው፤ እዚህ ግን ያ ተቆጣጣሪ ተዘልሏል። ባትሪውም አስመሳይ ከሆነ የራሱ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። የሊትየም ባትሪ ከተፈቀደለት በላይ ሲሞላ ያብጣል፤ አልፎም ይቀጣጠላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው እነዚያ ብረቶች በግልጽ ወጥተው የሚነኩ መሆናቸው ነው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ከ220ው በደንብ የተለየ አይደለም። ልጅ ባለበት ቤት ፈጽሞ አይሆንም።

እኅቴ ከዱባይ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ቻርጀር ልከውልኛል። እዚህ ይሠራል?

የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ይሠራል፤ አሜሪካ በ120 ቮልት የሚሠራው ቻርጀር በእኛም 220 ያገለግላል። የሚያስቸግረው እግሩ ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ነው፤ የዱባዩ ሦስት ወፋፍራም እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። በመካከል የሚገባው ርካሽ አሻጋሪ መሰኪያ ልል ከሆነ ውስጡ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ሶኬቱም ይጠቁራል። ሲሰኩት ጠበቅ ብሎ የሚገባ፣ ሲነቀንቁት የማይወዛወዝ ይፈልጉ። ከውጭ መምጣቱ ብቻ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ አስመሳዩ በዚያም ይሸጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ፣ በአማዞን ላይ «እውነተኛ» ተብለው ከተሸጡና ገዝቶ ከመረመራቸው ከ100 በላይ ዕቃዎች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት የሐሰት መሆናቸውን ገልጿል።

የመኪና ቻርጀር ያው ነው?

በመኪና ውስጥ 220 ስለሌለ ሰው የመያዝ አደጋው የለም። የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ይጠጋል። ርካሹ ቻርጀር ሲበላሽ ያንን በሙሉ ወደ ስልኩ ሊያሳልፍ ይችላል። የአይሱዙና የሌሎች የጭነት መኪና ሹፌሮች ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የእናንተ 24 ቮልት ነው። «12–24» የማይል ቻርጀር እዚያ አይሰካም።

መርካቶ ወይም መገናኛ ስገዛ እንዴት ልለየው?

አንድም ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ተደምረው ነው የሚናገሩት። በእጅዎ ይመዝኑት፤ የሚታወቅ ትክክለኛ ቻርጀር ካለዎት ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ይያዙ። በጣም የቀለለው ውስጡ ባዶ ነው። እግሮቹ ይነቃነቃሉ? የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ወጣ ገባ ነው? የታተመው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ይለቃል? የፊደል ስህተት አለበት? ገመዱን ሲሰኩት ይላላል? «ሲኢ» የሚለው የአውሮፓ ምልክት መታተሙ ብቻ አያረጋግጥም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል።

ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲልዎት ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የዕቃው ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ነግሮዎታል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ደረሰኝ ሳይኖር ግን ይህን መብት ማስከበር ከባድ ነው።

የግድ የስልኩን ድርጅት ቻርጀር ይግዙ አልልም። የራሳቸውን ስም አክብረው የሚሠሩ፣ ለምሳሌ እንደ አንከር ያሉ ድርጅቶች አሉ። በሌላ ስም ያልተሸፈነ፣ ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ የያዘው ዕቃ ይሻላል። አቅም ከሌለ ደግሞ ፈጣን ያልሆነ፣ ያገለገለ፣ ግን ትክክለኛ ቻርጀር ከአዲስ አስመሳይ ይበልጣል። ይህን ለተማሪዎች ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ ከተበላሸ ስልክ ጋር የቀረ ትክክለኛ ቻርጀር ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ለጊዜው ሌላ የለኝም። እስክገዛ ድረስ እንዴት ልጠቀምበት?

መጠቀሙን አልመክርም። ግድ ከሆነ ግን ነቅተው ሳሉ፣ ዓይንዎ እያየው፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ወለል ላይ ይሁን። ስልኩ እስኪነቀል ድረስ አይነካ፤ ጆሮ ማዳመጫም አይሰካበት። ትራስ ስር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ በፍጹም አይሆንም። ሲጨርሱም ስልኩን ብቻ ነቅለው ቻርጀሩን ሶኬት ላይ አይተዉት፤ ስልክ ባይኖርበትም ውስጡ ያለው 310 ቮልት እንዳለ ነው።

ስልኬ ከዚህ በፊት ተጎድቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የጀርባ ክዳኑ ወይም ስክሪኑ ከጎን መነሳት ከጀመረ ባትሪው አብጧል። አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ ያስቀይሩት። በትክክለኛ ቻርጀርም ሲሰካ ቀስ ብሎ የሚሞላ ወይም ስልኩ ጠፍቶ እንኳን በፍጥነት የሚያልቅ ከሆነ የኃይል መቆጣጠሪያው ተነክቶ ይሆናል። በአይፎን ላይ ትራይስታር የምንላት ከመሰኪያው ጀርባ ያለች ቺፕ በመጥፎ ቻርጀር የምትጎዳ ናት። እርሷ ስትበላሽ ስልኩ ቻርጅ ላይ መሆኑን እያሳየ አይሞላም፤ ሰዎችም ባትሪ ቀይረው ምንም ለውጥ ያጣሉ።

ቻርጀሩ ሲጨስ ወይም ሲቀጣጠል ምን ላድርግ?

ቻርጀሩን በእጅ አይንኩ። ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ብሬከሩን ያጥፉ። መብራቱ ሳይቋረጥ ውኃ አይድፉበት። ትንሽ ከሆነና ኃይሉ ከተቋረጠ በደረቅ አሸዋ ወይም በዱቄት ማጥፊያ ይሸፍኑት፤ የስልኩ ባትሪ ከተቀጣጠለ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ሰውን ይዘው ይውጡ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

የተበላሸውን ወይም የተጠራጠሩትን ቻርጀር ሲጥሉ ገመዱን በመቀስ ይቁረጡት፤ የቻርጀሩን እግሮች በፒንሳ ያጣሙ። እንዲያው ከተጣለ ሌላ ሰው አንስቶ ይሰካዋል።